ሙሄዲንና ነፍሲያው

ሌላው ሰው ነፍሲያውን የሚታገለው በልቡ ነው። ትግሉ መቼ እንደተጀመረ፣ ማን እንዳሸነፈ፣ ስንት ጊዜ ወድቆ እንደተነሳ ከራሱና ከፈጣሪው በቀር የሚያውቅ የለም። የቡሬው በርበሬ ነጋዴ ሙሄዲን አደም ግን ግንባሩን የከፈተው በርበሬ ተራ መሀል፣ ያውም በገበያ ቀን ነበር። አገሩ ሌላ ጦርነት የጎደለው ይመስል።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ነው። ከፍኖተ ሰላም የመጣ አንድ ኡስታዝ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ስለ ነፍሲያ አስተማረ። የሰው ልጅ ትልቁ ትግል ከገዛ ፍላጎቱ ጋር ነው አለ። ነፍሲያ ብላ፣ ጠጣ፣ ተኛ፣ ተቆጣ፣ ታይ እያለች ሰውን እንዴት እንደምትነዳው አንድ በአንድ አስረዳ። መስጊዱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ የየራሱን ጉድ እያሰበ ወደ ቤቱ ሄደ። ሙሄዲን ብቻ ደረቱን ነፍቶ ወጣ። ሃምሳ አራት ዓመት ሙሉ ሲፈልገው የኖረ ሹመት የተሰጠው መስሎት ነበር።

መጀመሪያ የዘመተው ስኳር ላይ ነው። እሱ ስኳር ሲተው ቤቱ በሙሉ ስኳር ተወ፤ ሚስቱ ሩቂያ ሻዩን ዓይኗን ጨፍና እየዋጠች ከረመች። ቀጥሎ ፍራሽ ተነሳና በሰሌን መተኛት ሆነ። ሩቂያ ጠዋት ጠዋት ወገቧን ይዛ ስትነሳ፣ "እኔን የሚያመኝ የማን ነፍሲያ ነው? የአንቱ ነው የእኔ?" ትለው ነበር። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ተዘጋ። የተዘጋው ደግሞ በቱርኩ ተከታታይ ድራማ ልጅቷ እናቷን ልታገኝ አንድ ክፍል ብቻ ሲቀራት ነው። ሩቂያ ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም።

ሙሄዲን ይህን ሁሉ ለማንም አልናገርም ይል ነበር። አልናገርም ማለቱን ደግሞ ለሁሉም ይናገር ነበር። ሻይ ቤት ይገባና "ያለ ስኳር" ብሎ ያዛል። አስተናጋጇ ዝም ብላ ካመጣችለት ቅር ይለዋል። "ስኳር በሽታ አለብዎት እንዴ?" ያለችው እንደሆነ ግን ፊቱ ይበራል። "የለም ልጄ፣ የውስጥ ጉዳይ ነው፤ ባይወራ ይሻላል" ይልና ሻዩ እስኪያልቅ ያወራላታል።

ጥር ሲብት ተራው የሥጋ ሆነ። ረመዳን እስኪገባ ድረስ፣ አርባ ቀን፣ ሥጋ የሚባል ነገር በአፉ እንደማይዞር በርበሬ ተራ ላይ አስታወቀ።

"ሐላል የሆነውን ምግብ አላህ ከለከለዎት?" አለችው ሩቂያ ማታ።

"እኔ ነኝ ለራሴ የከለከልኩት። ቃል ገብቻለሁ።"

"ለአላህ ነው ቃል የገቡት?"

ሙሄዲን ትንሽ አሰበ። "ለጓደኞቼ ነግሬያቸዋለሁ" አለ።

"እንግዲያማ ቃል የገቡት ለበርበሬ ተራ ነዋ" አለችና ጀርባዋን ሰጥታው ሰሌኑ ላይ ተኛች።

ላቀው የመጣው በዚህ መሀል ነው። ላቀው ከማንኩሳ ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬ ነው፤ የዓመቱን በርበሬ የሚያስረክበው ለሙሄዲን ነው። ወዳጅነታቸውን ግን በርበሬ አልጀመረውም። አባቶቻቸውም ወዳጆች ነበሩ። በዚያ አገር ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ለሙስሊም ወዳጆቹ ለብቻ ዳስ ይጥላል፣ ለብቻ ከብት ያቀርባል፤ ድስቱም ጭልፋውም ለብቻ ነው። ከብቱን የሚያርደው ደጋሹ አክብሮ የሚጠራው አንድ የታመነ ሙስሊም ነው። ያ ሰው "ቢስሚላህ" ብሎ ካረደ ዳሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ያለ ሐሳብ ይበላል፤ ደጋሹም ኮርቶ ይውላል። ላቀው ሲያገባ ያረደው የሙሄዲን አባት ነበር። የላቀው ትልቋ ልጅ ስትዳር ያረደው ሙሄዲን ራሱ ነው። ከማንኩሳ እስከ ቡሬ ባለው አገር ድግስ ሲነሳ "ሙሄዲን ይጠራ" ይባላል። ነፍሲያው ከስኳርም፣ ከፍራሽም፣ ከሥጋም አብልጣ የምትወደው ይህን ጥሪ ነበር። በዚህ ግንባር ግን አንድ ጥይት እንኳ ተኩሶባት አያውቅም።

ላቀው ሱቁ ደጃፍ ካለው ጆንያ ላይ ተቀመጠና ዱላውን በጉልበቱ መሀል አቆመ።

"ሰብልዬን ጥር ሃያ አራት ልድራት ነው" አለ። "ሁለቴ ቀን ቆርጠን በመንገዱ ነገር አለፈን። አሁንስ የመጣው ይምጣ ብለናል። ከነሩቂያ እንዳትቀሩብኝ።"

"እንኳን ለዚህ አደረሳችሁ። እንዴት እንቀራለን?"

"አንድ ወይፈን ለናንተ ዳስ አስቀምጫለሁ። ጥሩ ወይፈን ነው።"

"ኧረ ምን ቸገረህ፣ በግ ይበቃን ነበር" አለ ሙሄዲን። በልቡ ቢላዋው የት እንደተቀመጠ፣ መሳል እንደሚያስፈልገው አስታወሰ። ጥሪው ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ ትንሽ እምቢ ሊል አሰበ፤ እምቢ ብሎ መለመን ያምርበታልና።

ላቀው ግን ተነሳ። "በል እንግዲህ ልሂድ። ጦይብ ሳያመልጠኝ ላግኘው።"

"የቱ ጦይብ?"

"ሸማኔው ነዋ። እንዲያርድልኝ ልለምነው።"

ሙሄዲን በእጁ የያዘውን በርበሬ አስቀመጠው። ሳይጠይቅ ላቀው ራሱ ቀደመው።

"አንተን ላስቸግር አልደፈርሁም። ሥጋ እርም ብሏል ብለው በርበሬ ተራ ሁሉ ነገረኝ። ይህን ያህል ከሥጋ የራቀን ሰው ና ወይፈን እረድልኝ ማለት ነውር አይዶለም? ለቃልህ ክብር ብዬ ነው።"

"ደግ አደረግህ" አለ ሙሄዲን። ሌላ ምን ይላል?

ላቀው ከሄደ በኋላ ሙሄዲን ጆንያው ላይ አፍጥጦ ቀረ። ጦይብ! ከሸማ ጉድጓዱ ወጥቶ ሲመጣ ጢሙ ላይ ጥጥ የማይጠፋው ጦይብ። አጫጭሮቹን ሱራዎች እንኳ እየፈራ የሚቀራ፣ ሰው ሲያመሰግነው የሚገባበት የሚጠፋው ጦይብ። መስጊድ ሲገባ የሚቀመጥበት ቦታ በር ሥር፣ ጫማ የሚወልቅበት አጠገብ ነው። ሙሄዲን ሆድ ባሰው። እንዲህ ሆድ የባሰው በገዛ ወሬው መሆኑን ሲያስብ ደግሞ ይብስ ተናደደ።

አልሄድም ሊል ነበር። ኋላ ግን ኡስታዙ ምቀኝነትንም ከነፍሲያ ሥራዎች መሀል ቆጥሮት እንደነበር ትዝ አለውና ሊያሸንፈው ወሰነ። ሠርጉ ላይ በትሕትና ይገኛል፣ በትሕትና ይቀመጣል፣ ጦይብንም በትሕትና ያመሰግናል። ትሕትናው ከሩቅ እንዲታይ ነጭ ጀለቢያውን በካውያ አስተኮሰ።

የሠርጉ ዕለት ከሱብሒ ሰላት በኋላ እሱና ሩቂያ በሚኒባስ ተሳፈሩ። መንገድ ላይ ሁለት ቦታ ወርደው ተፈተሹና ፀሐይ ሳትሞቅ ላቀው ደጅ ደረሱ። ሌላው የቡሬ ሙስሊም መንገዱን ፈርቶ ቀርቷል። ጦይብ ከዋዜማው መጥቶ አድሮ ኖሮ ወይፈኑን ሊያርድ እጀታውን ሰብስቦ ቆሟል።

ሙሄዲን ጠጋ ብሎ ቆመ። እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ዓይኑን ሳይነቅል ተከታተለ። ጦይብ ወይፈኑን ወደ ቂብላ አዙሮ አስተኛው፣ ቢላዋውን ከከብቱ ዓይን ሸሸገው፣ "ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር" ብሎ አጥርቶ ተናገረ፣ በአንድ ስበት ጨረሰ። ለወትሮው የሚንቀጠቀጠው እጁ አልተንቀጠቀጠም። ሙሄዲን ስህተት ሲፈልግ ቆይቶ ምንም ስላጣ ቅር አለው። "ጥሩ ነው" አለና ዳሱ ውስጥ ገባ።

እኩለ ቀን ላይ ዳሱ ሞላ። አርባ የሚሆን ሰው ነው፤ የሚበዛው ከማንኩሳ፣ ጥቂቱ ከፍኖተ ሰላም የመጣ። የሙሄዲንን አርባ ቀን ከዚህ ሁሉ ሰው የሚያውቅ አልነበረም። አባቱን ግን ሁሉም ያውቃሉ፤ ጀለቢያውም ነጭ ነው። እየጎተቱ ዳሱ ራስ ላይ፣ ከማንኩሳው ሽማግሌ ከአባ ከማል ጎን አስቀመጡት። አባ ከማል ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ጨዋታቸው ያላለቀ ሰው ናቸው። ጦይብ ከዳሱ ጀርባ ከሚያበስሉት ሴቶች ጋር ድስት ማውጣትና ማውረድ ይዟል። ሩቂያም እዚያው ናት።

ምግቡ ቀረበ። የወይፈኑ ቀይ ወጥ በእንጀራው ላይ ፈሰሰ፣ ጥብሱ እየተንጫጫ ገባ። ሙሄዲን ሽታው አፍንጫው ሲደርስ ምራቁን ዋጠ። ሃያ አራት ቀን ሆኖታል። ከዳር ደረቅ እንጀራ ቆረሰና አላመጠ፤ ከዚያ እጁን ሰብስቦ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ቀስ ብሎ ነው ያስቀመጠው፤ እንዲታይ።

ታየለት። አርባው ሰው የክብሩ እንግዳ እስኪጀምር ይጠብቅ ነበርና የአርባው ሰው እጅ ባለበት ቀረ።

አባ ከማል ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። "ማነው ያረደው?" አሉት በዝግታ።

"ጦይብ ነው" አለ ሙሄዲን። "የቡሬው ሸማኔ።" እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ምንም አልነበረም። ግን ተነፈሰ። ከአፍንጫው የወጣች አንዲት ረጅም ትንፋሽ ናት፤ ቃል የላትም፣ ክስ የላትም። ለጎጃም ሰው ግን በቂ ናት።

አባ ከማል ራሳቸውን ነቀነቁና ቀና አሉ። በቀኛቸው ላለው ሰው ዓይናቸውን ጣሉ፤ እሱም ለቀጣዩ። ጥቂት ሳይቆይ አንዱ ጨጓራውን እንደሚያመው ተናገረ። ሌላው ከቤቱ በልቶ እንደመጣ አስታወሰ። ሦስተኛው ሐኪም ቅባት ከልክሎታል። በአንድ ዳስ፣ በአንድ ሰዓት አርባ ሰው ታመመ። ወጡ ሳይነካ ቀዘቀዘ፤ የማያሰክረው ቃሪቦ ብቻ ይጠጣ ጀመር።

ሙሄዲን መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ደግሞ፣ እውነቱን መናገር ይሻላል፣ ደስ አለው። እሱ እጁን ስለሰበሰበ ዳሱ ሁሉ እጁን ሰብስቧል። ያለ እሱ ቢላዋ ድግስ ምን እንደሚመስል ይኸው! ደስታው ከሆዱ ተነስቶ እስከ ጆሮው አሞቀው። ለዚህ ደስታ ሲል ከዓመት ዓመት ሥጋ ሳይበላ መኖር ይችል ነበር።

ላቀው በዚህ መሀል ቃሪቦ በማንቆርቆሪያ ይዞ "ብሉ እንጂ፣ ተጫወቱ እንጂ" እያለ ገባ። ሁለት እርምጃ ተራምዶ ቆመ። ያልተነካውን ወጥ አየ። የሰዎቹን ፊት አየ። ማንም ምንም አላለውም፤ የሚያስፈልግም አልነበረም። ሙስሊሞች የደጋሹን ሥጋ አንበላም ሲሉ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው በዚያ አገር የለም። በክርስቲያን እጅ የታረደ አቀረበልን ማለት ነው፤ አታለለን ማለት ነው። ላቀው ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠና ወደ ሙሄዲን መጥቶ ከፊቱ ቁጢጥ አለ።

"ሙሄዲን፣ ምን አጥፍቼ ነው?" አለ፤ ድምፁ አይሰማም። "የኛ ሰው እጅ አልነካውም። ከበረት ያወጣው ራሱ ጦይብ ነው። ድስቱን እንኳ ከማንኩሳ ከእስላም ቤት ነው ያስመጣሁት። አባትህና አባቴ አንድ ቀን እንዲህ ሆነው ያውቃሉ? ልጄን በምድርበት ቀን?"

ሙሄዲን ላቀውን እንዲህ ሆኖ ያየው አባቱን የቀበረ ዕለት ብቻ ነው። ያ ሁሉ ደስታ በአንዴ ብን ብሎ ጠፋ። የወዳጁ ስም፣ በዳሱ ጀርባ ምንም ሳያውቅ ድስት የሚያወርደው የጦይብ ስም፣ ሁለቱም በእሱ አንዲት ትንፋሽ ላይ ተንጠልጥለዋል።

ተነሳ። "ጀመዓ" አለ፣ "ሥጋው ሐላል ነው። እኔ ያልበላሁት ለራሴ ቃል ስለገባሁ ነው፤ ነፍሲያዬን ልቅጣ ብዬ።"

"እንዴታ፣ እንዴታ" አሉ ሰዎቹ። "አላህ ይቀበልዎ።" ማንም ግን እጁን አልዘረጋም።

"የጨዋ ልጅ እንዲህ ነው" አሉ አባ ከማል ለጎረቤታቸው፤ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ ይመስላቸዋል። "የሰው ገመና ሲሸፍን አያችሁት? አባቱም እንዲሁ ነበር።"

ሙሄዲን ላቡ መጣ። ሃያ አራት ቀን ሙሉ ሳይጠየቅ ሲያወራው የከረመውን እውነት፣ ዛሬ ለምኖ ሲናገረው የሚያምነው አጣ። "ወላሂ!" አለ። "ወላሂ ሲያርድ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ቢስሚላህ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

አባ ከማል ቀና ብለው አዩት።

"ወላሂ ካልክ አምነናል ልጄ" አሉ በለሰለሰ ድምፅ። "እንግዲያ አንተ ጀምርልን። የክብሩ እንግዳ ሳይጀምር እኛ እንዴት እንጀምራለን?"

አርባ ጥንድ ዓይን እጁ ላይ አረፈ። ነፍሲያው አሁን ብላ አላለችውም። አትብላ ነው ያለችው። አሥራ ስድስት ቀን ቀርቶህ? አለችው። ሰኞ በርበሬ ተራ ምን ትላለህ? ለሻይ ቤቷ ልጅ ምን ትላታለህ? ተቀመጥና ዝም በል፤ ነገሩ በራሱ ይበርዳል፤ ጦይብ እንደሆነ ሸማኔ ነው፣ ስም ምን ያደርግለታል? ሙሄዲን ድምፁን አወቀው። ስኳርና ፍራሽ ሲያሳድድ ፊት ለፊት በር ላይ ቆሞ ሲጠብቃት የከረማት እሷ፣ ለካ ድሮውንም ጓዳ ገብታ እግሯን ዘርግታ ነበር የተቀመጠችው። ጀለቢያውንም ያስተኮሰችው እሷ ናት። አፈረ። እንዲህ አድርጎ አፍሮ አያውቅም።

ቁጭ አለ። "ቢስሚላህ" አለና ጎረሰ።

የመጀመሪያዋ ጉርሻ ትንሽ ነበረች። ሰዎቹ እየተያዩ ጠበቁ፤ ለይሉኝታ የሚጎርስ ሰው ትንሽ ነው የሚጎርሰው። ሙሄዲን ይህም ገባው። ሁለተኛውን አሰፋው። ሦስተኛውን በጥብስ ጠቀለለው። "አጥንት የለም እንዴ?" አለ ጮክ ብሎ፤ አጥንት መጣለት። በሁለት እጁ ይዞ ጋጠው፤ ቅባቱ በጢሙ አልፎ በተተኮሰው ጀለቢያ ላይ ወረደ። ለሰው ክብር ብቻ ነው የበላው ቢባል ውሸት ነው። ጣፈጠው። ሃያ አራት ቀን የተራበ ሆዱ ማንንም ሳይጠይቅ ተቀበለው።

"ይጨመርልኝ" አለ።

ይህን ጊዜ የአርባ ሰው ጨጓራ ተፈወሰ። ከቤቱ በልቶ የመጣው ቀድሞ ወጡን ሳበ። አባ ከማል ጥርስ ባይኖራቸውም በመረቁ አልታሙም። ላቀው የዳሱን ምሰሶ ይዞ ቆሞ ሲያያቸው ቆየና በጋቢው ጫፍ ፊቱን ጠርጎ ማንቆርቆሪያውን አነሳ።

ጦይብ ተጨማሪውን ወጥ ተሸክሞ የገባው ያኔ ነው። ከጀርባ ሆኖ የሰማው ነገር የለም። ያየው ሙሄዲንን ነው፦ አጥንት በእጁ፣ ቅባት በጢሙ፣ አፉ ሞልቶ። በርበሬ ተራ ሁሉ የሚያወራለት ቃል በሃያ አራተኛው ቀን ሲፈርስ አየ። ፊቱ ላይ ሐዘን ወረደ። ድስቱን አስቀመጠና ጎንበስ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ "አይዞዎት ጋሽ ሙሄዲን" አለው። "ሰው ነን።" ከዚያ እንዳላየ ሆኖ ወጣ።

ወደ ቡሬ ሲመለሱ ሩቂያ ሳትጠይቀው ሙሄዲን ራሱ ጀመረ።

"ሰዎቹ ሲተዉት ደስ ብሎኝ ነበር" አለ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ። "ጦይብ ሲዋረድ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሩቂያ።"

"አውቃለሁ። ከዳሱ ጀርባ ሆኜ ሳይዎት ነበር። ሲተነፍሱ አየሁ" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "ከዚያ ሲበሉም አየሁ" አለች። ከቱርኩ ድራማ ወዲህ እንዲህ በለዘበ ድምፅ ስታናግረው የመጀመሪያዋ ነው።

ወሬው ከነሱ ቀድሞ ቡሬ ገብቶ ነበር። ከፍኖተ ሰላም የመጣ አንድ እንግዳ በስልኩ ያነሳው ፎቶ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አደረ፤ ሙሄዲን አጥንቱን በሁለት እጁ ይዞ። ፎቶው ከዚያ በፊት የሆነውን አያሳይም። ዳሱ ውስጥ የነበሩትም ላቀውን በከንቱ መጠርጠራቸው አሳፍሯቸው ነገሩን ለማንም አላነሱትም።

ሰኞ ዕለት በርበሬ ተራ ሥራ ፈቶ ጠበቀው። "ወይፈኑ ማረክዎት አሉ ጋሽ ሙሄዲን" አለ አንዱ። "ነፍሲያዎ ደህና ናት? ጠገበች?" አለ ሌላው። የሻይ ቤቷ ልጅ ሳትጠየቅ ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨምራ አመጣችለት።

መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። "እኔ እኮ የበላሁት የሰው ስም ላድን ብዬ ነው" ብትባል የምታልቅ አጭር መልስ። ተነግራ ብታልቅ በአንድ ቀን ከበፊቱ የሚልቅ ስም ታተርፍለታለች፤ ኡስታዙ ጆሮ ብትደርስ ደግሞ ለትምህርት ትጠቀስ ነበር። ግን የማንን ስም? ከምን? ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። የላቀው ወጥ ሳይነካ መቅረቱ ይወራል፤ ጦይብ ያረደው ተጠርጥሮ ነበር መባሉ ይወራል። ቡሬ እንዲህ ያለውን ወሬ አንዴ ካገኘች ለልጅ ልጅ ነው የምታቆየው።

"ልንገራቸው?" አለችው ሩቂያ ማታ። "ለሴቶቹ ብቻ። እነሱ ለባሎቻቸው ይነግራሉ።"

"ተዪው" አለ። "ጥሩ ወይፈን ነበር በያቸው።"

ማክሰኞም ሳቁበት፣ ረቡዕም ሳቁበት። በያንዳንዱ ቀን መልሷ አፉ ድረስ እየመጣች በያንዳንዱ ቀን ዋጣት። ስኳር መተው ከዚህ ጋር ሲተያይ የልጅ ጨዋታ ነበር። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይህን ትግል የሚያይለት ሰው አለመኖሩ ነው።

ጁምዓ ዕለት ሰላት አልቆ ሰው ሊነሳ ሲል ከበር ሥር፣ ከጫማዎቹ አጠገብ፣ አንድ ሰው ተነስቶ ቆመ። ጦይብ ነው። ጦይብ በሕይወቱ በሰው ፊት ቆሞ ተናግሮ አያውቅም። ጢሙ ላይ ጥጥ አለ።

"ዱዓ ልለምናችሁ ነው" አለ። "ከመሀላችን አንድ ወንድማችን ነፍሲያውን ሲታገል ቆይቶ ተሸንፏል። ስሙን አልጠራም። ሰው ይስቅበታል፤ መሳቅ ደግ አይደለም። እኔ እሱ የታገለውን ያህል ታግዬ አላውቅም።"

ስሙን አልጠራም። መስጊዱ ሁሉ ግን ዞሮ ሙሄዲንን አየው። ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ሙሄዲን ፊቱ ጋለ። መልሷ ተነሳች፤ በዚህ ሳምንት እንዲህ በርትታ አልተነሳችም። ከሰው ሁሉ መርጣ አሁን፣ በዚህ ሰው ፊት፣ ካልተናገርክ አለችው። እሱ ስሙን ያዳነለት ሰው ቆሞ ያዝንለታል! አፉ ተከፈተ። ከዚያ ጦይብን አየው። ጦይብ እጁን ዘርግቶ ዓይኑ እንባ ሞልቷል፤ የሚያለቅሰው ከልቡ ነው፣ ለሙሄዲን ነው።

"አላህ ያበርታው" አለ ጦይብ። "አላህ በነፍሲያው ላይ ያሰልጥነው።"

"አሚን!" አለ መስጊዱ።

"አሚን" አለ ሙሄዲን። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው እንኳ አልሰማውም።